ሃያ አራት ክንድ አቡጀዲ

ስለ ጨርቅ የማላውቀው ነገር የለም እል ነበር። ሰው ከሩቅ ሲመጣ የለበሰው ካኪ ይሁን ቴትሮን፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ፣ አንዳንዴም ማን እንደሰፋው መናገር እችላለሁ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ በስፌት መኪና የምታህለኝ ሴት አልነበረችም፤ ወንዶቹም ቢሆኑ ሱሪ ላይ እንጂ ሌላው ላይ አይደርሱብኝም። በ1969 ነሐሴ ላይ ግን ባሌ ነጋሽ "ለመኪናው ዳስ የሚሆን ጨርቅ ምረጪልን" ሲለኝ መምረጥ አቃተኝ።

ነጋሽ ሕክምና የሚያዞር ላንድሮቨር ይነዳ ነበር። አብሮት የሚዞረው ይልቃል የሚባል ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ። በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ሲጋጋም ቤታቸውን ጥለው የሸሹ ሰዎች በእግርም በባቡርም እየመጡ ሚኤሶ ዙሪያ እሾህ ዛፍ ሥር ሰፍረው ነበር። ነጋሽና ይልቃል ሰኞ ወርደው ዓርብ ይመለሳሉ። ሕክምናው የሚሰጠው መኪናው ጎን ነው፤ ጥላ ደግሞ የለም።

"ፀሐዩ መድኃኒቱንም ሕፃናቱንም እኩል ነው የሚቀቅለው፣ እትዬ ሳህሊቱ" አለኝ ይልቃል። "ከመኪናው ጎን የሚዘረጋ ነገር ቢሰፉልን።"

ዳሱን መስፋት ቀላል ነው። አራት ቁራጭ ጨርቅ ጎን ለጎን ማጋጠም፣ አንደኛውን ጫፍ ጣሪያው ላይ ካለው የዕቃ መጫኛ ብረት ማሰር፣ ሌላውን በሁለት እንጨት ማቆም፣ አለቀ። የከበደኝ ቀለሙ ነው። ያን ሰሞን ቀለም ሰው ያስገድል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የነጋሽ ጓደኛ ብሩ፣ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ ከጫካ ተተኩሶበት መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። የጭነት መኪናው ሸራ አረንጓዴ ነበር። የተኮሱት ሰዎች ወታደር የጫነ መስሏቸው ነው አሉ። ነጋሽ ከቀብር ተመልሶ ቁጭ አለ እንጂ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣም፤ ራቱን በላና ተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ አረንጓዴ ሸራ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አዞራለሁ።

ነጩስ? ቀበሌው ሰብስቦ ነግሮን ነበር፤ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰሙ ነጭ ልብስ ከገመድ ላይ አውርዱ ተብለናል። ጎረቤቴ ዘርፈሽዋል አንድ ነጠላ ረስታ ግማሽ ቀን ሙሉ ተሰድባለች። ቀዩ ጨርቅ በሙሉ ለመፈክር ተወስዷል፤ ይልቃል ዳሱ ላይ ቀይ የሕክምና ምልክት ይሰፋበት ብሎ በጽሑፍ ቢጠይቅ "ይጠብቁ" ተብሎ እየጠበቀ ነው። ማቅለሚያ እንዳልፈልግ ደግሞ ከድሬዳዋ ዕቃ መምጣት አቁሟል።

"አረንጓዴ ይሁን" አለ ነጋሽ። "ከመሬት የሚተኩስ ሰው ሊስት ይችላል። ከላይ የሚመጣው ግን አይስትም።"

"ነጭ ፀሐይ ይመልሳል" አለ ይልቃል። "ከታች ደግሞ ሕክምና እንጂ ወታደር እንዳልሆንን ያሳያል።"

እየሰማኋቸው በየትኛው መሞት እንደሚሻል የሚከራከሩ መሰለኝ። ሳይስማሙ ነገሩን እኔ ላይ ጥለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ወንዶች እንዲህ ናቸው። እኔ መቀሴን ይዤ ቀረሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ፤ ነጋሽ አንድ ነገር ቢሆን የገደለው እኔ የመረጥኩት ጨርቅ ነው።

ወደ አው ሙሜ ሱቅ ሄድኩ። አው ሙሜ ከአባቴ የሚበልጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሜትር አይወዱም፣ ዛሬም በክንዳቸው ነው የሚለኩት። መደርደሪያቸው ግማሹ ባዶ ሆኗል።

"ነጋያ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ሰላም ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። "ዛሬ ምን ፈለግሽ?"

ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ልኩን በጣቴ ቆጥሬ ሃያ አራት ክንድ እንደሚበቃም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ባለ ሰማያዊ መስመር የፍራሽ ጨርቅ አወረዱ፤ እንዳየሁት ደስ አለኝ፣ ማንም በፍራሽ ላይ አይተኩስም። የቀረው ግን አምስት ክንድ ብቻ ነው። ካኪ ስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ካኪ ያለው ሰው ዛሬ ለብሶታል" አሉ።

ከዚያ በሩን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቅል ጎትተው አወጡ። አረንጓዴ ሸራ ነው። የወታደር። ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ፣ ሲዳስሱት እንደ ቆዳ የሚመልስ። ምን ልደብቅ፣ እጄ ወደደው። ሰፊ ስለሆንኩ እጄ ከልቤ ቀድሞ ነው የሚወስነው። አንዱ ጥግ ላይ ጥቁር ማኅተምና ቁጥር አለበት።

"አንድ ሰው አራግፎብኝ ሄደ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወላሂ ከመጣ ጀምሮ እህል አልበላልኝም። ቁጥሩን ቆርጠሽ ጣይው፣ ውሰጂልኝ።"

ይህን ጨርቅ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። የመንግሥት ጦር ንብረት ነው፤ ክስም ምስክርም አያስፈልገውም። እኔ ግን ማኅተሙን ቆርጬ የት እንደማቃጥለው እያሰብኩ፣ ከሰማይ ሲታይ ቁጥቋጦ መስሎ ነጋሽን እንደሚደብቀው እያሰብኩ እጄን አላነሳሁም። ያን ጊዜ በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

አብዮት ጠባቂው ተሻለ ነው። ጠመንጃውን በትከሻው አንጠልጥሎ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ ገባ። ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ተሻለ አይጮህም፣ አይሳደብም፣ ሰላምታው የተሟላ ነው። ከሁሉም በላይ የምንፈራው ለዚህ ነበር፤ ከጮሁት ይልቅ በእሱ ሰላምታ የተወሰዱት ይበዛሉ።

አው ሙሜ በዕድሜያቸው እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አላስብም። ከኋላቸው ያለውን የአቡጀዲ ጣቃ ስበው በአንድ ውርወራ ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ነጩ አረንጓዴውን ሸፈነው።

"ስንት ክንድ ነው ያልሽኝ?" አሉኝ።

"ሃያ አራት" አለ አፌ።

ጨርቁን የመረጥኩት እንዲህ ነው። እኔ አልመረጥኩትም፤ ፍርሃቴ መረጠው።

"እትዬ ሳህሊቱ፣ ይህን ያህል አቡጀዲ ለምንድን ነው?" አለ ተሻለ። በደግነት ነው የጠየቀው።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ለሕክምና መኪና ነው ብል ምን ነውር አለው? ግን እንደዚያ ብል ማን አዘዘ ይላል፣ ደብዳቤው የታለ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ክንዱን ባንኮኒው ላይ ያሳርፋል። ክንዱን ቢያሳርፍ ወፍራሙን ነገር ያገኘዋል። ሰውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚመልስ ቃል ፈለግኩ፤ የመጣልኝ አንድ ብቻ ነው።

"ለመግነዝ" አልኩ።

"ውይ! ማን ሞተ?"

"የነጋሽ አክስት። ወይዘሮ ባየች። ቦኬ ያሉት።"

ባየች በዚያ ሰዓት ቦኬ ላይ ዘጠኝ ፍየሎቻቸውን እየሰደቡ እንደነበር አልጠራጠርም። ተሻለ ቆቡን አወለቀ። "እግዜር ያጽናችሁ" ካለ በኋላ የእግዜርን ስም ሲጠራ ማን እንደሰማው ለማየት ወደ ውጭ ዞር አለ። እሱም ይፈራል ማለት ነው። "አይዟችሁ በርቱ" ብሎ አረመውና ምንም ሳይነካ ወጣ።

አው ሙሜ አቡጀዲውን በክንዳቸው መለካት ጀመሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያን ጊዜ ነው ያልኩት ነገር የገባኝ። በቁሟ ያለችን ሴት ገድያለሁ። ያ ይቅር፣ ባሌ ራስ ላይ የሚዘረጋውን ጨርቅ በገዛ አፌ መግነዝ ብዬዋለሁ። ሟርት ሌላ ምንድን ነው? ጠላት እንኳ እንዲህ አይልም።

"ይቅር አው ሙሜ፣ አልወስደውም" አልኩ። "ሌላ ጨርቅ ይፈልጉልኝ።"

"ባዶ እጅሽን ብትወጪ ያ ሰውዬ ያይሻል" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ተሻለ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። አው ሙሜ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ መለካታቸውን አቆሙ። "ስሚኝ፣ ኢንተላ ኮ። እኛ ዘንድ ከፈን፣ እናንተ መግነዝ የምትሉት፣ መርፌ አይነካውም። መርፌ የነካው ጨርቅ ለሙት አይሆንም፣ የሕያው ነው። አንቺ ስፊው። ጠበቅ አድርገሽ ስፊው። ያኔ ያልሽው ቃል ይፈርሳል።"

ይህን ቃል ይዤ ወጣሁ። አረንጓዴውን ሸራ ምን እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ቤት ገብቼ ሰፋሁ። አንዱን ስፌት ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፤ አልበቃ ሲለኝ አጥፌ ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። አራቱም ቁራጭ ዙሪያውን እጥፍ ነው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ቀለበት ገብቷል፣ ቀለበቱ ዙሪያ ደግሞ በእጄ በሰም የታሸ ክር። ሁለት መርፌ ተሰበረብኝ። እያንዳንዱ የመርፌ ነጥብ አፌን የሚዘጋልኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስፌት ለማንም ሰፍቼ አላውቅም፣ ለሠርጌ እንኳ።

ሦስተኛውን ቁራጭ ሳጋጥም ደጅ ላይ ዋይታ ሰማሁ። ዘርፈሽዋል ነች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከኋላዋ አራት ሴቶች አስከትላ ገባች። ተሻለ ቀበሌ ሄዶ ተናግሯል።

"ለምን አልነገርሽኝም? ባዳ ነኝ ወይ እኔ?" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ምን ልበል? ውሸት ነው ብል ወሬው ከደጄ ሳይርቅ ተሻለ ጋ ይደርሳል። ለአብዮት ጠባቂ የዋሸች ሴት ለምን እንደዋሸች ትጠየቃለች፤ ከዚያ ባንኮኒው፣ ከዚያ አው ሙሜ፣ ከዚያ ሁላችንም። ስለዚህ አለቀስኩ። እንባ አላስቸገረኝም፣ ፍርሃቱ እንባ ሆኖ ወረደልኝ። ዘርፈሽዋል ዓይኗን ስትጠርግ የስፌት መኪናው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ አየች።

"መግነዙን በመኪና ትሰፊዋለሽ እንዴ?"

"የነጋሽ ዘመዶች ወጋቸው እንዲህ ነው" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዋሽቼ አላውቅም።

ነጋሽ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በአልቃሽ ተሞልቶ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ እኔም አየሁት። "ነፍስ ይማር፣ እማማ ባየችን የመሰለች!" አለችው ዘርፈሽዋል። ነጋሽ ጥያቄ አልጠየቀም። አስራ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ዓይኔን ማንበብ ያውቃል። ጥግ ላይ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያስመስል መሰለኝ። ቆይቶ ግን ድምፁን ሰማሁት፣ የእውነት ነው። ለብሩ ነበር የሚያለቅሰው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞት የዞረውን ለአክስቱ አስመስሎ አወጣው።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሁሉንም ነገርኩት።

"አክስቴን ገደልሻት" አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወው። አቡጀዲውን በጣቱ ነካው። "ይሄን ነው ራሴ ላይ የምትዘረጊው?"

አው ሙሜ ስለ መርፌ ያሉኝን ነገርኩት። ነጋሽ ብዙ የማያምን ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሰማኝና "እንግዲያውስ አጥብቀሽ ስፊው" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳሱን ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ከተቱት። ኬላው ላይ ተሻለ ቆሞ ነበር። ከሩቅ ሆኜ አየኋቸው፤ ወደ መኪናው አንገቱን አስገባ፣ አንድ ነገር አለ፣ ነጋሽ ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰ፣ እንጨቱ ተነሳ። በኋላ እንደሰማሁት "ለቀብሩ ቦኬ አትሄድም?" ነው ያለው። ነጋሽም "ሥራ ይቀድማል፣ ጓድ" አለው። ተሻለም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሥራ ጀምሬ አልጨርስም። ሰው ሲያንኳኳ ከመክፈቴ በፊት ፊቱን በቀዳዳ አያለሁ፤ የመርዶ ፊት እንደሆነ ለማወቅ። ማርያምን በየሰዓቱ አስቸገርኳት። ሐሙስ ቀን ከደመናው በላይ አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ የማን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ገመድ ላይ ያለኝ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር፤ ሮጬ አወረድኩት። ወዴት እንደሄደ በድምፁ ለመለየት ሞከርኩ። ወደ ቆላው ነው።

ዓርብ አልተመለሱም።

ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሚኤሶ መጣ፣ ነጋሽን የሚያውቅ። ሮጬ ደረስኩበት።

"አይቻቸዋለሁ" አለኝ። "ነጭ ጨርቅ ከመኪናው ጎን ዘርግተዋል። ከሩቅ ነው የሚታየው!"

ሊያስደስተኝ ነው፤ እኔ ግን በጥፊ ብለው በወደድኩ። ከሩቅ የሚታየውን ማን ማን ያየዋል? ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይባስ።

"ብቻ ጠበበ" አለ። "ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እንዲህ ቀጭን ጨርቅ ምን ይሠራል? ሁለት ሰው አያስጠልልም።"

"ጠባብ አይደለም!" አልኩት። "አራት ቁራጭ ነው። አንድ ክፍል ቤት ያህላል።"

"እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ" ብሎ ሄደ።

ሁለት ቀን ይህን አኘክሁ። ተቃጥሎ ነው? በጥይት ተበሳስቶ የተረፈው ነው? ስፌቴን አውቀዋለሁ፣ ነፋስ አይቀደውም። እንዲያ ያጠበበው ነገር ነጋሽንስ ምን አድርጎታል? ባየች ብድራቸውን ሊከፍሉኝ ነው አልኩ፣ በሕይወት ያሉት ባየች።

ሰኞ ቀትር ላይ ላንድሮቨሩ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው፤ ባዶ ነው። ከዚያ ነጋሽ ወረደ። በሁለት እግሩ። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አቅፌው ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ክንዱን በእጄ ፈተሽኩት፣ እንደ ጨርቅ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይልቃል ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮት ሰላም ብሎኝ ዓይኑን መለሰ።

ቤት ሲገባ ምግብ አቀረብኩለት። አልነካውም።

"ዳሱስ?" አልኩት።

"ማንም አልተኮሰበትም" አለ። "ከላይም ከታችም። አውሮፕላኑም አልፎን ሄደ። ማንም ዞር ብሎ አላየው።"

"ታዲያ የታለ?"

ውሃ ጠጣ። ከዚያ ነገረኝ። የሰፈሩት ሰዎች የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ሕፃናቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ይልቃል የያዘው መድኃኒት ሁለት ቀን አልበቃም። ረቡዕ ጠዋት ሞሚና የምትባል ሴት ልጇን ታቅፋ መጣች። ወረፋ አልጠበቀችም፣ ልጁንም ለይልቃል አልሰጠችም።

"ወደ ላይ አየች" አለ ነጋሽ። "መድኃኒቱን አይደለም፣ ጨርቁን ነው ያየችው። እዚያ ሰፈር ውስጥ አዲስ ጨርቅ የለም። ሁሉም የመጣው በለበሰው ነው፣ የለበሰውም አልቋል።"

ገባኝ።

"ይልቃል ወዲያው ገመዱን ፈታ። ‘ልቅደድላችሁ’ አላቸው። ሞሚና እምቢ አለች። ከፈን ስፌት አይኖርበትም፣ መጀመሪያ ክሩ መውጣት አለበት አለች። ይልቃል ምላጭ ሰጣቸው። ሦስት ሴቶች ተቀምጠው መተርተር ጀመሩ።" ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሳህሊቱ፣ ሦስት ጊዜ ነው የሰፋሽው።"

"አዎ" አልኩ።

"እነሱ ዘንድ ሙት አይቆይም፣ ቶሎ ነው የሚቀበረው። ልጁ ግን እስከ ተሲያት ድረስ ፀሐይ ላይ ጠበቀ። ምላጩ ሲደነዝዝ በጥርሳቸው ያዙት። ሞሚና ጣቷ ደምቶ ቀና አለችና ጠየቀችኝ፣ ‘ይህቺ ሴት ምን ፈርታ ነው እንዲህ የሰፋችው?’ አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ክሩን ተረተርኩ።"

ዳሱ ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ጠበበ። ሐሙስ ሦስት ቁራጭ ነበር፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሾፌሩ ያየው አንዱ ቀጭን ቁራጭ። በሽተኛ ጥለው መመለስ ስላልቻሉ ነው የቆዩት። እሁድ ጠዋት የመጨረሻውም ሄደ፣ ይልቃልም ፀሐይ ላይ ቆሞ ሠራ።

እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። አፌን መያዝ አቃተኝ። "እያንዳንዱ እኮ ስድስት ክንድ ነው" አልኩት። "ስድስት ክንድ ለትልቅ ሰው አይበቃም።"

"አዎ" አለ ነጋሽ።

"አራቱም ለልጆች?"

"አራቱም።"

ከኪሱ ቀለበቶቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በእጅ የተጠቀለለ ክር አወጣ። እየተቋጠረ የተቀጠለ፣ እዚህም እዚያም የጠቆረ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል። ሞሚና ነች የጠቀለለችው። "ክሩ የእሷ ነው፣ መልስላት" ብላዋለች።

ነጋሽ በሕይወት በመመለሱ ደስ ብሎኝ ነበር። አልክደውም። ያ ሁሉ ሟርት ወጥቶ እሱን ሳይነካ ማለፉን ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ የት እንዳረፈ ስሰማ ደግሞ ያን የተቀጠለ ክር ከጠረጴዛው አነሳሁት። እጄን ጠላሁት። ከተማው ሁሉ የሚያደንቀውን እጄን።

ማክሰኞ ጠዋት አው ሙሜ ጋ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም። "ሃያ አራት ክንድ አቡጀዲ" አልኳቸው። ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ መለካት ጀመሩ። ሃያ አራት ሲደርሱ መቀሱን አላነሱም፤ ስድስት ጨምረው ቆረጡ።

ስወጣ ተሻለ ደጁ ላይ ነበር። ጨርቁን አየና ቆቡን ሊያወልቅ እጁን አነሳ።

"ደግሞ ለማን ነው፣ እትዬ ሳህሊቱ?"

እንደ በፊቱ ፈርቼዋለሁ። ግን የምዋሸው ነገር አልነበረኝም።

"ገና አላወቅኩም" አልኩት።

መንገድ ለቀቀልኝ።

አምስቱን ቁራጭ በዚያው ቀን አጋጠምኳቸው። በስፌት መኪና አይደለም፣ በእጄ፣ በአንድ ነጠላ ክር፣ ጣት ጣት በሚያህል የላላ ስፌት። መጨረሻውን አልቋጠርኩትም። ነጋሽ አጠገቤ ቆሞ አየኝ። እንዲህ ስሰፋ አይቶኝ አያውቅም።

"ነፋስ አይፈታውም?" አለኝ።

"ከፈታው አንተ ትሰፋዋለህ" ብዬ መርፌና ክር ሰጠሁት።

ከዚያ የክሩን ጫፍ ይዤ አንዴ ሳብኩት። ሙሉው ስፌት ያለ ምላጭ፣ ያለ ጥርስ፣ በአንድ ትንፋሽ ወጣና ሁለቱ ቁራጮች ተለያዩ። ልኩ ይህ ነው አልኩ። መልሼ እንደዚያው አድርጌ ሰፋሁት።